ራግቢ የእግር ኳስ «ልጅ» ነው?

የጨርቅ ኳስ፦ ትናንት ማታ አንድ የሬዲዮ ስፖርት ጋዜጠኛ «ራግቢ የእግር ኳስ ልጅ ነው፤ በ1823 አንድ ተማሪ ኳሱን ይዞ ሲሮጥ ተወለደ» ሲል ሰምቼ አንጀቴ አረረ። (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ።) ያ ተማሪ ነው የሚባለው የዊልያም ዌብ ኤሊስ ወሬ የተጻፈው ሰውዬው ከሞተ በኋላ ነው። በ1895 የትምህርት ቤቱ፣ ማለትም ጨዋታው ስሙን ያገኘበት የእንግሊዙ ራግቢ ትምህርት ቤት፣ የቀድሞ ተማሪዎች ጉዳዩን ሲያጣሩ እንኳ «በዓይኔ አየሁ» ያለ ምስክር አልተገኘም።

አምበሉ፦ ተረት ይሁን፤ ግን እግር ኳስ አባት፣ ራግቢ ልጅ መሆኑን አይለውጠውም። የእንግሊዝ ራግቢ ማኅበር እስከ ዛሬ «ራግቢ ፉትቦል ዩኒየን» ነው የሚባለው። የአባቱን ስም ይዟል።

የጨርቅ ኳስ፦ «ልጅ»? የራግቢ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ሕጋቸውን የጻፉት በ1845 ነው። የለንደኑ የእግር ኳስ ማኅበር የተመሠረተው በ1863። አባቱን በ18 ዓመት የሚበልጥ ልጅ አሳየኝ!

ዘጠኝ ቁጥር፦ የእንግሊዟን ከተማ ሼፊልድን አትርሱ። የእግር ኳስ ክለቧ በ1857 ተመሠረተ፤ የራሱን ሕግም በ1858 አወጣ። የለንደን ሰዎች ሁሉን ነገር የጀመሩ አስመስሎ ማውራት ለእነዚያ ሰዎች ግፍ ነው።

አምበሉ፦ ሼፊልድም ቢሆን ከ1845 በኋላ ነው፤ እሱን ተወው። በ1863 ከማኅበሩ ጥሎ የወጣው ብላክሂዝ የተባለው ክለብ ነው። ከቤት የሚወጣ ደግሞ ልጅ ነው።

የጨርቅ ኳስ፦ ለምን እንደወጣ ግን አልተናገርክም። የማኅበሩ ሕግ የመጀመሪያው ረቂቅ ኳስ ይዞ መሮጥንም፣ የተጋጣሚን ቅልጥም መርገጥንም ይፈቅድ ነበር። ብላክሂዞች የወጡት ሁለቱ አንቀጾች ሲሰረዙ ነው፤ እነሱ ባሉበት ቆመው ቤቱ ነው የተለወጠባቸው። ከዚያም በኋላ የጸደቀው ሕግ ኳስን ከአየር ላይ በእጅ መቅለብን ይፈቅዳል። ከኳሱ ፊት የቆመ ተጫዋች ሁሉ ከጨዋታ ውጪ ነው፤ ወደፊት ማቀበል የለም። ግብ ጠባቂ የሚል ቃል እንኳ የለበትም። ይህን ለዛሬ ተመልካች ብታሳየው ራግቢ ነው ይልሃል። መንታ ናቸው፤ እናታቸውም የለንደን ከንቲባ በ1314 የከለከለው ያ የመንደር የኳስ ግርግር ነው።

የፒያሳዋ፦ እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። የብላክሂዙ ካምቤል ቅልጥም መርገጥ ከቀረ ጀግንነት ይጠፋል ብሎ ተሟገተ። የሰው አጥንት መስበር ጀግንነት ነው? የራግቢ ማኅበሩ ራሱ በ1871 ሲቋቋም ከለከለው!

ዘጠኝ ቁጥር፦ በዘመኑ ዓይን እይው እንጂ እህቴ። እኛስ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እያልን ስንት ቅልጥም በዱላ ተመታ?

የፒያሳዋ፦ ገናን ከዚህ ጋር አታነካካ። በገና ዱላው ለሩሯ ነው፤ ሰው ቢመታ በስሕተት ነው። እነሱ በሕግ ሊያጸድቁት ነበር።

ዘጠኝ ቁጥር፦ በስሕተት? አያቴ ጉልበቱ ላይ ያለውን ጠባሳ ብታይው እንዲህ አትይም ነበር።

አምበሉ፦ ወደ ነገራችን እንመለስ። «መንታ» የሚለውን አልቀበልም። ልጅ ነው።

የጨርቅ ኳስ፦ የ18 ዓመቱን መልስ ገና አልሰጠኸኝም።