ያረጀ ካልቸር ውስጥ ኢ. ኮላይ ድቡልቡል ሆኖ ታየኝ፤ ተበክሎ ይሆን?

ጀማሪው፦
ሰላም ናችሁ። ቀናት ያለፉትን የኢ. ኮላይ ብሮዝ (ባክቴሪያው የሚያድግበት ፈሳሽ ምግብ) ግራም ስቴይን ሠራሁ፤ ባክቴሪያን ወይንጠጅ ወይም ሮዝ አድርጎ የሚለየውን ቀለም ማለቴ ነው። ዘንግ ጠብቄ ነበር፣ ያየሁት ግን አጫጭርና ክብ የሚመስሉ ሴሎች ናቸው። ቀለማቸው ሮዝ ነው። ሌላ ባክቴሪያ ገብቶበት ነው? ደግሞ ክብ መሆን ከጠቀመ ለምን ሁሉም ክብ አልሆኑም?

ትዕግስት፦
እንዳትጥለው! ኢ. ኮላይ ምግብ ሲያልቅበት ያጥራል። በደህናው ጊዜ ርዝመቱ 2፣ ውፍረቱ 1 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። ምግቡ ሲመናመን ማደጉን ያቆማል፣ የጀመረውን መከፋፈል ግን ይጨርሳል። ስለዚህ ልጆቹ ድንክ ሆነው ይቀራሉ። በሉፕ (በሽቦ ቀለበት) ትንሽ ወስደህ አዲስ ብሮዝ ውስጥ ጨምር። 37 ዲግሪ ላይ 3 ሰዓት ገደማ አቆይተህ እየው፤ ዘንጉ ይመለሳል።

ሄኖክ፦
ትዕግስት ልክ ናት፣ ግን ይሄ ብቻ አይበቃም። አሲኔቶባክተር የተባለው ባክቴሪያም ሮዝ ነው፤ እሱም ሲያረጅ ክብ፣ ሲያድግ ዘንግ ይሆናል። ያረጀ ግራም ፖዘቲቭ (ወይንጠጅ መሆን የነበረበት ባክቴሪያ) እንኳ ግድግዳው ሲላላ ወይንጠጁን ለቆ ሮዝ ይመስላል። ማኮንኪ አጋር (ላክቶስ የተባለውን የወተት ስኳር የሚያብላላውን በቀለም የሚለይ ጠጣር ምግብ) ላይ ዘርጋው። ኢ. ኮላይ ላክቶስ ስለሚያብላላ ኮሎኒው (የበቀለው የባክቴሪያ ክምር) ሮዝ ይወጣል፣ አሲኔቶባክተር ግን አያብላላም።

ቤዛ፦
ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልሞክር። ለእኩል ይዘት ትንሹ የላይ ገጽ የክብ ነው፤ ስለዚህ ውሃ የሚያጣበት ገጽ ትንሽ ነው። ስታፊሎኮከስ የተባለው ክብ ባክቴሪያ ደረቅ ዕቃ ላይ ሳምንታት የሚቆየው በግድግዳው ጥንካሬም ነው፣ ቅርጹም ግን ያግዘዋል። ችግሩ ምግብም የሚገባው በዚያው ገጽ ነው። ምግብ በሳሳበት ውሃ ውስጥ ቀጭንና ረዘም ያለው ይሻላል። ለመዋኘትም ቢሆን ትንሽ ክብ ሴል በውሃ ሞለኪውሎች እየተገፋ ቶሎ አቅጣጫው ይጠፋበታል፤ ዘንግ ይጸናል።

እኔን የሚገርመኝ ጠመዝማዛው የጨጓራ ባክቴሪያ፣ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ነው። በዩሪያዝ ኢንዛይም ዙሪያውን ያለውን አሲድ ይቀንሳል፣ የጨጓራው ወፍራም ንፍጥ ይላላለታል፣ ከዚያ እንደ ብሎን እየተሽከረከረ ይገባል። ጠመዝማዛነቱን ያጣው ዝርያ አይጥ ጨጓራ ውስጥ መስፈር ይቸግረዋል። ወራጅ ውሃ ውስጥ ደግሞ ካውሎባክተር የተባለው ባክቴሪያ ጎባጣ ነው፤ ጉብጠቱ ጫፉን ወደ ድንጋዩ ያዘነብልለታል፣ ልጁም እዚያው አጠገብ ትለጠፋለች።

ጀማሪው፦
እግዜር ይስጥልኝ! አንድ ልጨምር፦ ከሴፋሌክሲን ዲስክ (አንቲባዮቲክ የተነከረ ትንሽ ክብ ወረቀት) ዳር የወሰድኩት ስላይድ ላይ ረጃጅም ክሮች ነበሩ። እነሱም ተርበው ነው?

ቤዛ፦
እሱ ሌላ ጉድ ነው። ሴፋሌክሲን መሃል ላይ ግድግዳ የሚሠራውን ፕሮቲን ይዘጋል። ሴሉ ይረዝማል፣ መቆረጥ ግን አይችልም። በነገራችን ላይ የሽንት ፊኛ ውስጥ ያለ ኢ. ኮላይ ያለ መድኃኒትም እንዲህ ይረዝማል፤ ነጭ የደም ሴል ሊውጠው ይቸገራል።

ሄኖክ፦
ስለዚህ ለመለያ ከዲስኩ ዳር አትውሰድ። ማኮንኪው ላይ ከበቀለው አንድ ነጠላ ኮሎኒ ወስደህ፣ ብሮዝ ውስጥ አሳድገህ፣ ስቴይኑን እንደገና ሥራ።