ኤምአይቲ ወይስ አፓቼ? አንዱ አጋሬ ጠፍቶብኝ ተቸግሬአለሁ

የእኛን ቀን ወደ ፈረንጆች፣ የእነሱንም ወደ እኛ የሚቀይር ትንሽ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ (ሌሎች በፕሮግራማቸው ውስጥ የሚያስገቡት ዝግጁ ኮድ) አለኝ። ጳጉሜን ከነ6ኛ ቀኗ በትክክል ይቆጥራል። ኮዱን የጻፍነው ሦስት ሆነን ነው፤ ላይሰንሱ፣ ማለትም ሌሎች ኮዱን እንዴት እንደሚጠቀሙበት የሚወስነው ፈቃድ፣ አፓቼ 2.0 ነው።

አፓቼን የመረጥኩት ስለ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) በግልጽ ስለሚናገር ነው። ኮድ ያበረከተ ሰው በዚያ ኮድ ውስጥ ያለውን የፓተንት መብቱን አብሮ ይፈቅዳል። ሌላው ላይሰንስ ኤምአይቲ አጭርና ቀላል ነው፣ ስለ ፓተንት ግን አንድም ቃል የለውም። ይሄ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ከ5 ወር በፊት አንድ ልጅ ላይብረሪውን ጂፒኤል 2 በሚባል ሌላ ላይሰንስ ብቻ በወጣ የትምህርት ቤት ፕሮግራም ውስጥ ሊያስገባው ፈለገ። አልሆነለትም። አፓቼ 2.0 የሚስማማው ከጂፒኤል 3 ጋር ነው፣ ከ2 ጋር አይሄድም። ወደ ኤምአይቲ ብቻ ብዞር ለእሱ ይፈታለታል፣ የፓተንቱ ከለላ ግን ይቀርብናል። ስለዚህ በረስት የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፉ ብዙ ፕሮጀክቶች እንደሚያደርጉት ሁለቱንም ላይሰንስ ሰጥቼ ተጠቃሚው ይምረጥ አልኩ።

አንዱ አጋሬ ወዲያው ተስማማ። ሌላው ግን በኢሜይልም በቴሌግራምም ብፈልገው 4 ወር ሙሉ መልስ የለም። የባሕረ ሐሳቡን ስሌት፣ ፋሲካንና አጽዋማትን የሚያወጣውን 200 መስመር ገደማ፣ የጻፈው እሱ ነው። የሰጠንም በአፓቼ ብቻ ነው። ያለ ፈቃዱ የሥራውን ላይሰንስ መቀየር አልችልም፣ አልፈልግምም።

እናንተ ብትሆኑ የእሱን ክፍል በአፓቼ እንዳለ ለብቻው ነጥላችሁ ታወጡታላችሁ፣ ወይስ ኮዱን ያላየ ሰው ከዜሮ እንዲጽፈው ታደርጋላችሁ?