ባትሪው ሁለት ዓመት ሳይሞላው ደከመ፤ አሲድ ላስጨምርበት?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ የምነዳት ቪትዝ ከቤቴ እስከ መሥሪያ ቤቴ ካለው አጭር መንገድ በቀር ብዙም አትንቀሳቀስም። ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) እየከበደው ያስነሳል። አንድ ጋራዥ ባሳያት «አሲድ ይጨመርበት» ተባልኩ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦
አሲድ አያስጨምሩ። ባትሪው ሲሞቅና ቻርጅ ሲደረግ የሚቀንሰው ውሃው እንጂ አሲዱ ስላልሆነ፣ ክዳኑ የሚከፈት ዓይነት ከሆነ ፕሌቶቹ (በውስጡ ያሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች) እስኪሸፈኑ ድረስ የሚጨመርለት የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው፤ የቧንቧ ውሃ ማዕድን ስላለው አይሆንም። አሲድ ለጊዜው ያበረታው ይመስላል እንጂ ፕሌቶቹን ይበላቸዋል። ለነገሩ የእርስዎ ችግር የውሃ አይመስለኝም። ለማስነሳት የወጣውን ኃይል ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ በአጭር መንገድ፣ ያውም መብራትና ሬዲዮ እየሠሩ፣ መልሶ አይሞላውም፤ ሳይሞላ በሚከርም ባትሪ ፕሌቶች ላይ ደግሞ ሰልፌት የሚባል የእርሳስ ጨው እየጠጠረ ይሄድና ውሎ ሲያድር ቻርጅም አይፈታውም።

ሌላ መልስ፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ከመገመት መለካት ይሻላል። መኪናዋ አድራ ሳትነሳ በመልቲሜትር ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ ከሆነ ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህል ቀርቶታል። ሞተሩ ተነስቶ 14 ቮልት ገደማ ካላሳየ ዲናሞውንና ቺንጋውን (ዲናሞውን የሚያዞረውን ቀበቶ) ያስፈትሹ። ሞተር እየሠራ የባትሪውን ካቦ ነቅለው ዲናሞ የሚፈትኑ ሰዎች አሉ፤ ድንገት የሚዘለው ቮልቴጅ የመኪናዋን ኮምፒውተር ሊያቃጥል ስለሚችል በፍጹም አይፍቀዱላቸው።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። ጠዋት 12.3፣ ሞተሩ ሲነሳ 14.2 አሳየ። በፖዘቲቩ ራስ ላይም ነጭ ዱቄት ተጋግሯል።

መልስ፦
እንግዲያው ዲናሞው ደህና ነው፤ ባትሪው ግን ሙሉ አይደለም። ሞተሩን አጥፍተው ነጌቲቩን አስቀድመው ይፍቱ፤ ቁልፉ ፖዘቲቩን ሲፈታ ቦዲ ቢነካ ብልጭታ እንዳይፈጥር ነው። ዱቄቱን በሙቅ ውሃ በተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ በብሩሽ ይጠቡ፤ ሶዳው ወደ ባትሪው ውስጥ እንዳይገባ ግን ክዳኖቹ በደንብ መዘጋታቸውን ያረጋግጡ። ካደረቁት በኋላ ፖዘቲቩን ቀድመው፣ ነጌቲቩን አስከትለው ይሰሩና ስስ ግሪስ ይቀቡት። ከዚያ አየር በሚገባበት ቦታ፣ እሳትና ሲጋራ በሌለበት፣ በዝግታ ቻርጅ ያስደርጉት። ቻርጅ በተደረገ ማግስት፣ መኪናዋ ሳትነሳ፣ ቮልቱ እንደገና ወደ 12.3 ከወረደ በቴስተር ያስመርምሩት፤ በጭነት ፈተናው (ብዙ ኃይል እንዲያወጣ ተደርጎ ሲለካ) ከወደቀ አዲስ መግዛት ነው።