ኮሮላ 2004፦ ቼክ ኢንጅንና ኤቢኤስ አብረው በርተዋል፤ «ካታሊስት ይቀየር» ተብያለሁ

ቀበና_04፦

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው ኮሮላ 2004፣ 1.8፣ አውቶማቲክ፣ 214 ሺህ ኪሎ ሜትር የቆጠረ ነው። ቼክ ኢንጅኑ በርቶ አልጠፋም አለ። በማሽን ሲነበብ ፒ0171 እና ፒ0420 የሚሉ የብልሽት ኮዶች ወጡ። ጠዋት ሲነሳ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ሲሞቅ ይረጋጋል። ዘይት በ1,500 ኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር ያህል ይጎድላል። ከዝናቡ ወዲህ ደግሞ የኤቢኤስ መብራት ተጨመረ፤ ፍሬኑ ግን ደህና ይይዛል።

ጋራዡ የሚለው «ካታሊስቱ (የጭስ ማጥሪያው) እና ሁለቱ ኦክስጅን ሴንሰሮች ይቀየሩ፣ ካልጠፋ ሞተሩ ወርዶ ፋሻ (የፒስቶን ቀለበት) ይቀየራል» ነው። የተጠራው ሒሳብ ከባድ ነው። የቱ ይቅደም? ሳይነካ ሊቆይ የሚችለው የቱ ነው? ራሴ ልፈትሸው የምችለውስ አለ? ብሉቱዝ ኢኤልኤም 327 (ኮድ ማንበቢያ) አለኝ፣ ከስልኬ ጋር ይሠራል።

ካንዴላ፦

ወንድሜ፣ ካታሊስቱን ለጊዜው ተወው። ሁለቱ ኮዶች እኩል አይደሉም። ፒ0171 ማለት አየር በዝቷል ወይም ነዳጅ አንሷል ማለት ነው። ፒ0420 ደግሞ የኋለኛው ኦክስጅን ሴንሰር ያየው ነገር ኮምፒውተሩን አላሳመነውም ማለት ነው። ድብልቁ ከተበላሸ የካታሊስቱ ምርመራም ራሱ አይታመንም። ስለዚህ 0171 ሳይጠፋ ስለ 0420 መፍረድ አይቻልም። ኮድ ዕቃ ቀይር የሚል ትእዛዝ አይደለም፣ ወዴት እንደምትፈልግ ብቻ ነው የሚነግርህ።

በስልክህ ፊውል ትሪም የሚለውን ክፈት፤ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ስንት በመቶ እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ ያሳያል። ሁለት ቁጥር ነው፣ አጭሩና ረጅሙ። ሁለቱን ደምራቸው። ጤነኛ ሞተር ላይ ድምሩ ከዜሮ በላይም በታችም ከ10 በመቶ ብዙ አይርቅም። ሞተሩ በደንብ ሞቆ፣ ኤሲው ጠፍቶ፣ መጀመሪያ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጥ) አንብብ፣ ከዚያ 2,500 ዙር ላይ አንድ ደቂቃ ይዘህ አንብብ። ልዩነቱ ነው ሁሉን የሚናገረው፦

በሚኒሞ ከፍ ብሎ፣ ነዳጅ ስትሰጠው ከወረደ ከአየር መለኪያው በኋላ የሆነ ቦታ አየር ይስባል። በሚኒሞ ሞተሩ የሚፈልገው አየር ጥቂት ስለሆነ ትንሿ ቀዳዳ ትልቅ ድርሻ ትይዛለች፤ ዙር ሲጨምር ግን በብዙው አየር ውስጥ ትጠፋለች።

በተቃራኒው ዙር ሲጨምር ቁጥሩም ከወጣ ነዳጅ አይደርሰውም (ፓምፕ፣ ፊልትሮ) ወይም የአየር መለኪያው ቆሽሾ አሳንሶ ይለካል።

የአየር መለኪያው ከአየር ፊልትሮው ሳጥን ቀጥሎ ቱቦው ላይ በሁለት ብሎን የታሰረው ነው። ሞተሩ አጥፍተህ፣ ሶኬቱን ነቅለህ አውጣው፣ ውስጡ ያሉትን ቀጫጭን ሽቦዎች ለአየር መለኪያ በተሠራው ስፕሬይ ብቻ ርጭ። በጥጥም በጨርቅም እንዳትነካ፣ ይበጠሳል። የካርቡራተር ስፕሬይም አይሆንም። ሙሉ በሙሉ ደርቆ ይመለስ። ይህ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው፣ አንድ ቆርቆሮ ስፕሬይ ለብዙ ጊዜ ይበቃል። ሰው ግን ይህን ሳይሞክር ሴንሰር ይገዛል።

አሁን ወደ አንተ መኪና። 1.8ቱ፣ ማለት 1ዜድዜድ ሞተር፣ ጠዋት ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የምጠረጥረው የማኒፎልዱን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ነው፤ አየር የሚያስገባውን እንጂ የጭስ ማውጫውን አይደለም። ጎማው በዕድሜ ይደርቃል፣ ቀዝቅዞ ሲኮማተር አየር ያሳልፋል፣ ሲሞቅ ይዘጋል። መሞከሪያው ጠዋት ነው፣ ሞተሩ ሳይሞቅ፦ በሚኒሞ አስነሳና ማኒፎልዱ ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ በውሃ መርጫ ጠርሙስ በጥቂት በጥቂቱ እርጭ። ሶኬቶችን አታርጥብ። ንዝረቱ ለቅጽበት ከተለወጠ ወይም ሱፍ የሚል ድምፅ ከተቆረጠ ቦታው እሱ ነው። ብዙዎች በቤንዚን ወይም በካርቡራተር ስፕሬይ ይሞክሩታል፤ የጭስ ማውጫው ከጋለ ግን እሳት ነው፣ ውሃ ይበቃል።

ዘይቱን በተመለከተ፣ የዚህ ሞተር የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፒስቶኖች ዘይት የሚመልሱባቸው ቀዳዳዎች ጥቂትና ጠባብ ነበሩ። በካርቦን ይደፈናሉ፣ ዘይቱም ይቃጠላል። በ1,500 ኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር ግን ሞተር የሚያስወርድ አይደለም። መጀመሪያ የፒሲቪ ቫልቩን (የሞተሩን ውስጥ ጭስ ወደ ማኒፎልዱ የሚመልሰውን) አውጥተህ አራግፈው፤ ኳ ኳ ካላለ ተጣብቋል፣ ቀይረው። ርካሽ ዕቃ ነው። ከዚያ መለካት፦ ሜዳ ቦታ፣ ሞተሩ ከጠፋ አምስት ደቂቃ በኋላ፣ እስከ ላይኛው ምልክት ሞልተህ ኪሎ ሜትሩን ጻፍ፤ 1,000 ላይ ስንት ጨምረህ እንደመለስከው ለካ። የሚቃጠል ዘይት ካታሊስቱን ይመርዘዋል። ለዚህ ነው ዘይቱ ሳይታወቅ አዲስ ካታሊስት መግጠም ገንዘብ መጣል የሚሆነው።

ባለ_ቮልቴጅ፦

ኤቢኤሱን እኔ ልመልስ። ከዝናብ በኋላ ከሆነ የመጣው አብዛኛውን ጊዜ የጎማ ሴንሰር ገመድ ወይም ሶኬት ነው፣ ጭቃና ውሃ ገብቶበት። ሌላው ምክንያት ኩሽኔታ ሲቀየር በመዶሻ ሲደበደብ ሴንሰሩ መመታቱ ነው። መደበኛው ፍሬን ይሠራል፤ የማይሠራው አስፋልት ሲረጥብ ድንገት ስትረግጥ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ነው። ስለዚህ ርቀትህን ጠብቀህ መንዳት ትችላለህ፣ ለክረምት ግን አታቆየው። ቀዩ የፍሬን መብራት አብሮ ከበራ ግን አትንዳ።

ርካሹ ኢኤልኤም ብዙ ጊዜ የኤቢኤስ ኮድ አያነብም። ቶዮታ ላይ ግን ኮዱን ያለ ምንም ማሽን ማንበብ ይቻላል። ከመሪው ሥር ያለው ሶኬት 16 ቀዳዳ አለው። ሰፊው ጎን ወደ ላይ ሆኖ ስታየው የላይኛው ረድፍ ከግራ 1 እስከ 8፣ የታችኛው 9 እስከ 16 ነው። ቁልፉ ጠፍቶ እያለ 4ኛውንና 13ኛውን በቀጭን ሽቦ አገናኝ፤ ማለት የላይኛው አራተኛ ከታችኛው አምስተኛ ጋር። ደጋግመህ ቁጠር፣ 16ኛው በቀጥታ ከባትሪ ነው የሚመጣው፣ እሱን ከነካህ ፊውዝ ታቃጥላለህ። ከዚያ ሞተሩን ሳታስነሳ ቁልፉን ክፈት። ቼክ ኢንጅኑም ኤርባጉም አብረው ብልጭ ድርግም ይላሉ፣ አትደንግጥ፤ አንተ የምትቆጥረው ኤቢኤሱን ነው። ሦስት ብልጭታ፣ ትንሽ ዕረፍት፣ አንድ ብልጭታ ካለ 31 ነው፦ የፊት ቀኝ። 32 የፊት ግራ፣ 33 የኋላ ቀኝ፣ 34 የኋላ ግራ። ሳያቋርጥ በፍጥነት እኩል ብልጭ ድርግም ካለ አሁን የተመዘገበ ችግር የለም።

ጎማው ሲታወቅ ሴንሰር ለመግዛት አትሩጥ። ሶኬቱን ፍታ፣ ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ካለ በኮንታክት ስፕሬይ አጽዳ፣ አድርቅ። ከዚያ በቴስተር ኦም ለካና ከሌላኛው ጎን ሴንሰር ጋር አወዳድር። አንደኛው ቁጥር ሰጥቶ ሌላኛው ምንም ካላሳየ ገመዱ ተበጥሷል። መሪ ሲዞር የሚታጠፍበትን ቦታ በጣትህ ዳብስ፣ ላስቲኩ ደህና መስሎ ውስጡ የሚቆረጠው እዚያ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ቴስተር ያዝ። ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት መሆን አለበት። ዲናሞው ከደከመ የማይገናኙ መብራቶች አንድ ላይ ይበራሉ፣ ሰውም ሦስት ዕቃ ቀይሮ መብራቱ እዚያው ይሆናል።

ሰማያዊ_ሰሌዳ፦

የበራው መብራት ቢጫ ከሆነ ጊዜ አለህ፣ ቀይ ከሆነ ቁም። ቢጫው ቼክ ኢንጅን ግን እየነዳህ ብልጭ ድርግም ካለ እሱም እንደ ቀይ ነው፦ አንዱ ሲሊንደር አያቃጥልም፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን ካታሊስቱ ውስጥ ገብቶ ያቀልጠዋል። ቦቢና (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው) ከሆነ ያለ ወጪ ይታወቃል። ፒ0303 ከወጣ የሦስተኛውን ቦቢና ከአንደኛው ጋር አቀያይር፣ የያዘው አንድ የ10 ቁልፍ ብሎን ነው። ኮዱ አጥፍተህ ነድተህ ፒ0301 ከሆነ ቦቢናው ነው፤ እዚያው 0303 ከቀረ ካንዴላውን እይ።

የዘይት ቀይ መብራት ግፊት ነው እንጂ መጠን አይደለም፤ እስኪበራ ከጠበቅህ ዘግይተሃል። የባትሪው ቀይ መብራት ሲበራ ደግሞ ዓይንህ ወዲያው ወደ ሙቀት ጌጁ ይሂድ። በዚህ ሞተር ዲናሞውንም የውሃ ፓምፑንም የሚያዞረው አንድ ቺንጋ (ቀበቶ) ነው። ቺንጋው ከተበጠሰ ሁለቱም ቆመዋል፣ ጥቂት ደቂቃ ብትነዳ ቴስታታ ትቀይራለህ።

ስለ ሙቀት ካነሣን፣ አዲስ አበባ ላይ ክፍት ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተር ክዳኑ ግፊት መያዙ ነው። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ባህር ዳርቻ ላይ ምንም ላይል ይችላል፣ እዚህ ግን ያፈላል። ክዳን መቀየር ከሁሉም ርካሹ ነው። ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ግን መፍትሔ አይደለም። ሞተሩ እንደቀዘቀዘ ይቀራል፣ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ይጨምራል፣ ፒ0128 ይመጣል፣ ቤንዚን ይበላል።

ቪትዝ የምትነዱ፣ የሙቀት ጌጅ የለውም። ሰማያዊው ቀዝቃዛ ነው፣ ቀዩ ሲበራ ሞቆ አልፎበታል። በየሳምንቱ ውሃውን እዩ።

ቀበና_04፦

እናመሰግናለን። ዛሬ አነበብኩ። ሞቆ፣ በሚኒሞ ረጅሙ +19 አጭሩ +5። በ2,500 ረጅሙ +7 አጭሩ 0 አካባቢ። የአየር መለኪያውን አጽድቼ ነው ያነበብኩት። ጠዋት ውሃ ስረጭ በአንደኛው ሲሊንደር በኩል ዙሩ ተለወጠ። ኤቢኤሱ 32 ቆጠረ፣ ሶኬቱን ገና አልፈታሁም።

ካንዴላ፦

24 ወደ 7 ከወረደ ጥርጣሬ የለውም፣ አየር ይስባል፣ ቦታውንም አግኝተኸዋል። የማኒፎልድ ጓርኒሲዮን ይቀየር። ሲሊኮን ቀብቶ መመለስን እንዳትቀበል፣ ቤንዚን ያሟሟዋል። ሲፈታ የማኒፎልዱ ፊትና ቴስታታው በጨርቅ ይጸዱ፣ በብረት አይፋቁ። ብሎኖቹ ከመሐል ወደ ዳር፣ በሁለት ዙር ይጠበቁ፤ ማኒፎልዱ ፕላስቲክ ነው፣ በጉልበት ይሰነጠቃል። እግረ መንገድህን በዚያ በኩል ያሉትን የቫኪዩም ቱቦዎች እጠፍና እይ፣ የተሰነጠቀ ካለ አብሮ ይቀየር፣ የእጅ ዋጋ ሁለቴ አትከፍልም።

ከዚያ ኮዱ ይጥፋና 150 ኪሎ ሜትር ያህል ንዳው፣ ከተማም ቀለበት መንገድም። ትሪሙ ወደ ዜሮ ይጠጋል። አሁን ነው ካታሊስቱን የምትፈትሸው፦ 2,500 ዙር ላይ ሦስት ደቂቃ ይዘህ ሁለቱን ሴንሰሮች በግራፍ እይ። የፊተኛው ከ0.1 ወደ 0.9 ቮልት ሽቅብ ቁልቁል ማለት አለበት፣ በ10 ሰከንድ ቢያንስ 8 ጊዜ። የኋለኛው 0.6 ወይም 0.7 አካባቢ ከረጋ ካታሊስቱ ይሠራል። ከፊተኛው ጋር እኩል ከዘለለ ደክሟል። ያኔም ቢሆን በመሐል የጭስ መውጫ ቀዳዳ አለመኖሩን አረጋግጥ፣ ጥቁር ጥላሸት ያሳይሃል።

ሒሳቡን በተመለከተ ዕቃው ስንት፣ እጁ ስንት ብለህ ለይተህ ጠይቅ፣ አሮጌውን ዕቃም እንዲመልሱልህ አስቀድመህ ተናገር። ሰው የሚነግርህን ከሐምሌ 2016 በፊት የነበረ ዋጋ አትያዝ፣ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የዕቃ ዋጋ ሌላ ነው። ሶማሌ ተራ (የመለዋወጫ ገበያው) ሄደህ ሁለት ሦስት ሱቅ በዕቃ ቁጥሩ ጠይቅ። ያገለገለ ማኒፎልድ ወይም ቦቢና ቢገዛ ችግር የለውም፤ ያገለገለ ኦክስጅን ሴንሰርና ካታሊስት ግን አትግዛ፣ የሚደክሙት በአገልግሎት ነው፣ ዓይን አያያቸውም።

ሰማያዊ_ሰሌዳ፦

ይህን ለሚያነቡ ገዢዎች። ከጥር 2016 ወዲህ የቤንዚን መኪና ወደ አገር ስለማይገባ ያሉት አሮጌዎች እየተሸፋፈኑ ይሸጣሉ። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ክፈቱ። ቼክ ኢንጅን፣ ኤቢኤስ፣ ኤርባግ፣ ዘይት፣ ባትሪ ሁሉም መብራት አለባቸው። ያልበራ ካለ አምፖሉ ተነቅሏል ወይም በቴፕ ተሸፍኗል። ኤርባጉ ሞተሩ ባይነሳም ስድስት ሰከንድ ያህል በርቶ ብቻውን መጥፋት አለበት። ከዘይቱ ወይም ከባትሪው መብራት ጋር እኩል በርቶ እኩል ከጠፋ ገመዱ ከእነሱ ጋር ተቀጥሏል ማለት ነው፣ ኤርባግ የለም።

ኮድ ስለሌለም አትርጉ። በኢኤልኤሙ «ኮድ ከጠፋ ወዲህ የተነዳ ርቀት» የሚለውን ክፈቱ። 12 ኪሎ ሜትር ካለ ዛሬ ጠዋት ነው ያጠፉት። ሻጩ ከፈቀደ ሁለት ቀን ተነድቶ እንደገና ይነበብ።

ቀበና_04፦

ሶኬቱን ፈታሁት፣ ውስጡ አረንጓዴ ሆኗል። አጽድቼ አድርቄ መልሼዋለሁ፣ መብራቱ ጠፍቷል። ጓርኒሲዮኑን ቅዳሜ አስገጥማለሁ፣ የትሪሙን ቁጥር እዚሁ እጽፋለሁ።