የአፋሯን የዱር አህያ መሳል አስቸገረኝ፣ እስቲ የምታውቁ እርዱኝ

ሸራ_ከፒያሳ
ሰላም ቤተሰብ። ሰዓሊ ነኝ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር የአፋር በረሃ አውሬዎችን የሚያሳይ ተዘዋዋሪ ኤግዚቢሽን እያዘጋጀን ነው። አዲስ አበባ ይጀምርና አዳማ፣ ድሬዳዋ፣ መጨረሻ ሰመራ ይሄዳል። ሳላውን ጨርሻለሁ፣ አቦሸማኔዋም ደህና ናት። የዱር አህያዋ ግን ፈተና ሆነችብኝ። ሦስት ጊዜ ሳልኳት፣ ሦስቱንም ጊዜ የመርካቶ ጭነት አህያ ሆና ቁጭ አለች። ጓደኛዬማ «ሲሚንቶው ብቻ ነው የቀራት» ብሎ ሳቀብኝ። በአካል አይቻት አላውቅም፣ ከፎቶ ነው የምሠራው። ምንድን ነው የጎደላት?

ሌላው ደግሞ ሸራዎቹ ትልልቅ ናቸው፣ በዘይት ቀለም የተሠሩ። በአይሱዙ ነው የምንጭናቸው። ጠቅልዬ ልውሰዳቸው ወይስ ከነፍሬማቸው?

አዋሽ_ማዶ
ልገምት? ትከሻዋ ላይ መስቀል ስለህባታል። እሱ የኛ የቤት አህያ ምልክት ነው፣ የደናክሏ፣ ማለትም የአፋሯ የዱር አህያ፣ በአብዛኛው የላትም። የሷ ምልክት እግሯ ላይ ነው፣ ልክ እንደ ሜዳ አህያ ጥቁር ሰንበር አለው። ሆዷ ነጣ ይላል፣ ገላዋ ግራጫ ነው፣ አንዳንዴ ወደ ቡላ ያደላል። ጋማዋ አጭርና ቀጥ ብሎ የቆመ። ደግሞ አቋቋሟን እየው። የጭነት አህያ አንገቷን ደፍታ ነው የምትቆመው፣ ይቺኛዋ ግን ቀና ብላ ጆሮዋን አቁማ ነው፣ ማንም ጭኗት አያውቅማ።

በዱር መኖራቸው በእርግጠኝነት የሚታወቀው ኢትዮጵያና ኤርትራ ውስጥ ነው፣ ለመራባት የደረሱት ቢበዛ 200 ቢሆኑ ነው። ያንጉዲ ራሳ ፓርክ የታሰበው ለሷ ነበር፣ የጅቡቲ አስፋልት ግን መሃሉን ሰንጥቆት ያልፋል። በዚያ መንገድ ስንት ዓመት ተመላልሻለሁ፣ አንድም ቀን አላየኋትም። ስለዚህ አያታለሁ ብለህ እዚያ ድረስ አትልፋ።

የኤላት_ልጅ
እኔ እስራኤል ነኝ። ከኤላት ወደ ሰሜን ስትወጣ ሃይ ባር ዮትቫታ የሚባል ቦታ አለ፣ የበረሃ እንስሳት የሚያራቡበት። እነሱ የሶማሌ የዱር አህያ ይሏታል እንጂ ያቺው ናት። በመኪናህ ውስጥ ሆነህ ነው የምታያቸው። እናቴን ይዣት ሄጄ «እንዴ፣ አህያ ለማየት ነው እንዴ ገንዘብ የከፈልነው?» ብላ ተቆጣች። ከዚያ አንዷ ዞር ስትል እግሯን አየችና ዝም አለች። እግሩን አስበልጠህ ሥራው።

ቀለም_ሻጭ_አይደለሁም
ስለ ጭነቱ ልንገርህ፣ ተቃጥዬበታለሁና። ዘይት ቀለም ላዩ ደረቀ ማለት ደረቀ ማለት አይደለም። ወፈር አድርገህ የቀባኸው ከሆነ ውስጡ ወራት ይፈልጋል። ከቻልክ ከነፍሬሙ ውሰደው። መጠቅለል ግድ ከሆነብህ ቀለሙን ወደ ውጭ አድርገህ ሰፊ ቱቦ ላይ ጠቅልለው። ወደ ውስጥ ከሆነ ቀለሙ ይጨማደዳል። ብቻ አደራህን፣ ያን አረፋ አረፋ ያለውን ፕላስቲክ በቀጥታ ቀለሙ ላይ እንዳታለብስ። እኔ አልብሼ ድሬዳዋ ስደርስ ሙሉ ሰማዩ ላይ ክብ ክቡ ታትሞበት አገኘሁት፣ ሰው ኩፍኝ የያዘው ሰማይ ነው ብሎ ሳቀ። መጀመሪያ ንጹሕ የማያጣብቅ ወረቀት፣ ከዚያ ሌላው። አክሪሊክ ይሻላል የሚሉህንም ሙሉ በሙሉ አትመን፣ ሙቀት ሲበዛ እሱም ይለሰልሳል።

የሰመራው
ወንድሜ፣ ሰመራ የምትመጡ ከሆነ አንድ ነገር ልበልህ። አውሬዋን ባዶ በረሃ መሃል ብቻዋን አታቁማት። የአዲስ አበባ ሰው ሊወደው ይችላል፣ እኛ ግን እንደዚያ ሆና አናውቃትም። እሷ የምትጠጣበት ውኃ ፍየልና ግመልም የሚጠጣበት ነው፣ ችግሩም ያለው እዚያው ላይ ነው። የምታጠባ እናት ከውኃ ብዙ መራቅ አትችልም፣ ከብቱ ቀድሞ ከያዘባት የት ትሂድ? አርብቶ አደሩስ የት ይሂድ? ድርቅ አለ፣ ግጦሹንም ፕሮሶፒስ የሚሉት ወራሪ እሾሃማ ዛፍ ወረሰው። ሃላይደጌ ሜዳ ላይ የሜዳ አህያዎቹም በሱ ተቸግረዋል። ይሄን ያላሳየ ሥዕል ለእኛ የቱሪስት ፖስተር ነው፣ አትቀየመኝ።

ሸራ_ከፒያሳ
አልቀየምም። መስቀሉን ለካ ሦስቱም ላይ ስዬዋለሁ! ዛሬ አጥፍቼው እግሯን ጀምሬያለሁ፣ ወዲያው ሌላ ፍጥረት መሰለች። @የሰመራው፣ ውኃ ጉድጓዱን አስገባለሁ። ጣጣው እኔ ፍየል ስዬ አላውቅም፣ ደህና ፎቶ ካለህ ወዲህ በል።