ጨጓራና ደም ግፊት ላለበት ሰው የጉልበት አርትራይተስ ማስታገሻ የትኛው ይሻላል?

ጠያቂ

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ሁለቱም ጉልበቶቿ ራጅ ተነሥተው ኦስትዮአርትራይተስ (የመገጣጠሚያ ልስልስ አጥንት ማለቅ) ነው ተብላለች። ዳይክሎፌናክ 50 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ታዞላት ሕመሙን ያስታግስላታል፤ ግን ጨጓራዋን ያቃጥላታል፣ ግፊቷም ከፍ እያለ ነው። ለግፊቱ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ትወስዳለች። ፓራሲታሞል ብቻውን አልያዘላትም። ጨጓራ የማይነካ፣ ግፊት የማይጨምር ነገር አለ? የሚቀባውስ የእውነት ይሠራል ወይስ ለማጽናኛ ነው?

ፋርማሲስት

እህቴ፣ ከቅባቱ በፊት የሚቀድም ነገር አለ። ኢናላፕሪል፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ዳይክሎፌናክ ሦስቱ አብረው ሲወሰዱ ለኩላሊት አደገኛ ናቸው። ኩላሊት ደም የሚያጣራው በውስጡ በቂ ግፊት ሲኖር ነው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ በደም ሥር ያለውን ፈሳሽ ይቀንሳል፤ ኢናላፕሪል ከማጣሪያው የሚወጣውን ሥር ያሰፋል፤ ዳይክሎፌናክ ደግሞ የሚገባውን ያጠባል። ማጣሪያው ውስጥ የሚቀር ግፊት ያንሳል ማለት ነው። ተቅማጥ ወይም ትውከት ከተጨመረበት በጥቂት ቀናት ውስጥ ኩላሊት ሥራውን ሊያቆም ይችላል። የግፊቱን መድኃኒት በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፤ ጥያቄ ውስጥ የሚገባው ዳይክሎፌናኩ ነው። ያዘዘላቸውን ሐኪም ቶሎ አነጋግሪና ክሬአቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) እና ፖታሲየም ይመርመሩ። ግፊታቸውን ከፍ የሚያደርገውም ይኸው ክኒን ሊሆን ይችላል፤ ጨውና ውኃ በሰውነት እንዲቆይ ያደርጋል።

ስለ ጨጓራው፦ «ምግብ ላይ ከተዋጠ አይጎዳም» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ምግብ ማቃጠሉን ያበርድ ይሆናል፣ ቁስለትን ግን አይከላከልም። መድኃኒቱ ጨጓራን የሚጠብቀውን ፕሮስታግላንዲን የሚቀንሰው በደም በኩል ዞሮ ስለሆነ በመርፌ ቢወጉትም ያው ነው። የጨጓራን አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል 20 ሚሊግራም ከቁርስ ግማሽ ሰዓት በፊት ቢወሰድ የቁስለቱን ዕድል በደንብ ይቀንሳል። ሴሌኮክሲብ የሚባለው የዳይክሎፌናክ ዘመድ ማስታገሻም ለጨጓራ ይሻላል። ሁለቱም ግን ለኩላሊቱና ለግፊቱ መፍትሔ አይደሉም፤ ሰው ሴሌኮክሲብን «ጉዳት የሌለው» ብሎ የሚወስደው በከንቱ ነው።

የሚቀባው ይሠራል። ዳይክሎፌናክ 1 በመቶ ጄል ሲቀባ ወደ ደም የሚገባው ሲዋጥ ከሚገባው 6 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ጉልበትና የእጅ ጣት ለቆዳ ቅርብ ስለሆኑ ይደርስባቸዋል፤ ዳሌ ጥልቅ ስለሆነ እዚያ አትድከሙ። «ቀብቼ አልሠራልኝም» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የቀባው እንደ ፊት ቅባት ስስ አድርጎ ነው። መጠኑ ለአንድ ጉልበት 4 ግራም፣ በቀን 4 ጊዜ ነው። ካርቶኑ ውስጥ መለኪያ ካርድ ካለ በእሱ ለኩ፤ 4 ግራም በካርዱ ላይ 11 ሳንቲሜትር ያህል ርዝመት አለው። በዚህ ሒሳብ 50 ግራም ቱቦ ለአንድ ጉልበት ሦስት ቀን ገደማ ነው የሚቆየው። አንድ ቱቦ ወር ከከረመ መጠኑ አልደረሰም። ለሁለቱም ጉልበት በቀን 32 ግራም ይሆናል፣ ይህም ለመላ ሰውነት የተፈቀደው ጣሪያ ነው፤ ሌላ ቦታ አይጨመርበትም። ከ1 በመቶ የሚበልጥ ጄል ከሆነ መጠኑም ጊዜውም ስለሚለይ ወረቀቱን አንብቡ።

ጉልበቱን ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ አዳርሶ ማሸት፤ ልብስ ከመልበስ በፊት 10 ደቂቃ መጠበቅ፤ ለአንድ ሰዓት አለመታጠብ። ቀቢው እጁን ይታጠብ። በላዩ ላይ ሙቅ ነገር ማድረግ ወይም በፋሻ ማሰር ወደ ደም የሚገባውን ይጨምራል። ውጤቱን ለማወቅ 7 ቀን ያስፈልጋል፤ ከ3 ሳምንት በላይ የሚቀጥል ከሆነ ሐኪም ይወቀው። ክኒኑንና ጄሉን አብሮ መውሰድ ጥቅሙን ሳይሆን ጉዳቱን ነው የሚደርበው።

ፊዚዮቴራፒስት

እኔ የምጨምረው መድኃኒት የማይሠራውን ነው። ሕመም ፈርተው ሲቀመጡ የጭን የፊት ጡንቻ ይሰልላል፣ ጫናው በሙሉ መገጣጠሚያው ላይ ይወድቃል። በጀርባ ተኝተው አንዱን ጉልበት አጥፈው ሌላውን እግር ቀጥ አድርገው 30 ሳንቲሜትር ያህል ያንሱ፣ 5 ሰከንድ ይያዙ፣ ቀስ ብለው ያውርዱ። 10 ጊዜ፣ ሁለት ዙር፣ በየቀኑ። በሚሠሩበት ጊዜ ትንሽ ቢያም ችግር የለውም። በማግሥቱም ካልበረደ ግን በዝቷልና ዙሩን ይቀንሱ። ለውጥ የሚታየው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ነው፤ ብዙ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ተስፋ ቆርጦ የሚተወው ለዚህ ነው።

ምርኩዝ የሚይዙ ከሆነ በጣም ከሚያመው ጉልበት በተቃራኒው እጅ ነው። ጫማ አድርገው እጃቸውን አንጠልጥለው ሲቆሙ የምርኩዙ እጀታ የእጅ አንጓ መስመር ላይ ይድረስ። ክብደት ካላቸው ደግሞ 1 ኪሎ ሲቀንሱ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና በ4 ኪሎ ያህል ይቀንሳል።

ጠያቂ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። ፓራሲታሞሉን የምትወስደው 500 ሚሊግራም፣ ሲብስባት ብቻ ነው። ደግሞ አንዲት ዘመዳችን ስም ያልተጻፈበት የቁርጥማት ክኒን «በአንድ ቀን ያሽላል» ብላ አምጥታላታለች። ትውሰደው?

የውስጥ ደዌ ሐኪም

አይውሰዱት። ስም የሌለው ክኒን በአንድ ቀን ተአምር ከሠራ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን የሚባል ስቴሮይድ ነው። የምግብ ፍላጎት ይጨምራል፣ ፊት ያብጣል፣ ስኳርና ግፊት ይወጣል፣ አጥንት ይሳሳል። ቀደም ብለው ከሦስት ሳምንት በላይ ወስደውት ከሆነ ግን በአንዴ እንዳያቆሙት፤ ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማምረት አቁሞ ሊሆን ስለሚችል ክኒኑን ይዛችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ፓራሲታሞል ለጉልበት ደካማ ነው፤ 500 ሚሊግራም አልፎ አልፎ ደግሞ ከምንም አይቆጠርም። ጉበታቸው ጤነኛ ከሆነና ክብደታቸው ከ50 ኪሎ በላይ ከሆነ 1 ግራም በቀን እስከ ሦስት ጊዜ፣ በመካከሉ ቢያንስ 6 ሰዓት። የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ስላለ ድርብ እንዳይሆን። ከጄሉ ጋር አብሮ ይሄዳል።

ይህም ካልበቃ ጉልበት ውስጥ የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ አለ። የሚያስታግሰው ለሳምንታት፣ ቢበዛ ለሦስት ወር ያህል ነው፤ በአንድ ጉልበት ከሦስት ወር ባነሰ ጊዜ አይደገምም። ስኳር ካለባቸው ለጥቂት ቀናት ስለሚወጣ እየለኩ ይጠብቁ። ለድብርትም የሚሰጠው ዱሎክሴቲን የሚባል ክኒንም ለአንዳንዱ ይሠራል፤ 30 ሚሊግራም ተጀምሮ ወደ 60 ይወጣል፣ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያቅለሸልሻል። ለእናትሽ ግን ከሃይድሮክሎሮታያዛይድ ጋር በዚህ ዕድሜ የደም ሶዲየም ሊያወርድ ስለሚችል ያለ ምርመራ አልጀምርም፤ ግፊትም ሊጨምር ይችላል። ጠንከር ያለውን ማስታገሻ ትራማዶልን ወደ ኋላ አቆየዋለሁ፦ ያዞራል፣ ሆድ ያደርቃል፣ በ67 ዓመት ወድቆ ዳሌ መሰበር ከጉልበቱ የባሰ ነው። ከዱሎክሴቲን ጋርም አይዋሃድም።

አንድ ጥያቄ፦ ጠዋት ሲነሡ የሚተሳሰራቸው ስንት ደቂቃ ነው? ከግማሽ ሰዓት በታች ከሆነ ከኦስትዮአርትራይተስ ጋር ይሄዳል። ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ፣ በተለይ የሁለቱም እጅ ጣቶች ካበጡ፣ ሩማቶይድ አርትራይተስ (ሰውነት የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት በሽታ) ሊሆን ስለሚችል ሕክምናው ሌላ ነው።

ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ሽንታቸው ካነሰ ወይም እግራቸው ካበጠ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ውሰዷቸው። አንዱ ጉልበት በድንገት ቀልቶ፣ ግሎ፣ ትኩሳት ከመጣም በዚያው ቀን መታየት አለበት፤ መገጣጠሚያ ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል።