ፓላስ የተረጨ ስንዴ ቢጫ ሆነ፤ ምርቱ ይቀንስ ይሆን?

የጅሩ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እነዋሪ አጠገብ የአባቴ ስንዴ ላይ ሲናርና አሰንዳቦ የሚባሉት አረሞች ቢያስቸግሩ ፓላስ የሚባለውን ፀረ አረም አስረጨን። ሳምንት ሳይሞላው ስንዴው ራሱ ገረጣ፤ ውሃ የሚተኛበት የታችኛው ጎንማ ጭራሽ ቢጫ ነው። መጭ የሚባለው አረም ግን እንደቆመ ነው። ዩኒቨርሲቲ ያለችው እህቴ «ፎቶሲንተሲሱን ዘግቶት ነው» ትላለች። አባቴ ደግሞ ምንም አይልም፣ እኔን ብቻ ያያል። ቱ ፎር ዲ የሚባለውን ሌላ ፀረ አረም ልድገምበት?

ጡረተኛው ዲኤ (የግብርና ልማት ሠራተኛ)፦
እህትህ ጨርሳ አልተሳሳተችም። ፎቶሲንተሲስን በቀጥታ የሚመታው ግን በቆሎ ላይ እንደሚረጨው አትራዚን ያለው ነው፤ ቅጠሉ ከብርሃን ያገኘውን ኃይል የሚያስተላልፍበትን መስመር ይቆርጣል። በቆሎው መርዙን አፍርሶ ይተርፋል፣ አረሙ ይቃጠላል። ፓላስ የዚያ ወገን አይደለም። እሱ የሚያግደው ተክሉ አሚኖ አሲድ የሚሠራበትን ኢንዛይም ነው። አሚኖ አሲድ ሲያጥር አዲስ ቅጠል አይወጣም፣ ያለውም ይገረጣል፤ ፎቶሲንተሲሱ የሚዳከመው በዚህ በኩል ዞሮ ነው። አረሙም ቀስ ብሎ ነው የሚሞተው፣ መጩን ሁለት ሦስት ሳምንት ታገሠው።

ስንዴ ግን ፓላስን ያፈርሰዋል፤ ማፍረሱን የሚያፋጥንለት ነገርም አብሮ ተቀምሟል። ነሐሴ ላይ በብርድና ውሃ በቋጠረ መረሬ (ጥቁር አፈር) ይህ ይዘገያል። ውሃው ብቻውንም ናይትሮጂን አሳጥቶ ያገረጣል፣ እና መጀመሪያ ቦዩን ክፈቱ። አዲስ የሚወጣው ቅጠል አረንጓዴ ከሆነ ብዙ አትስጋ። ፍሬውን በዋናነት የሚሞላው ከዛላው ሥር ያለው የመጨረሻው ቅጠል ነው፣ እሱ ደግሞ ገና አልወጣም።

ከደነባ፦
መጠኑስ? በሄክታር ግማሽ ሊትር ቢባል ለአንድ ጥማድ (ሩብ ሄክታር) 125 ሚሊ ሊትር ነው። እኛ ጋ «ይበርታ» ብሎ እጥፍ የሚያደርግ ሞልቷል። ረጪው ሲዞር የደረበበት ዳርም ብቻውን ቢጫ ይሆናል፣ እስቲ እየው።

የጅሩ ልጅ፦
መጠኑ ልክ ነው፣ እኔው ነኝ የለካሁት። ዳርና ዳሩም ደህና ነው። ጋሼ፣ ቱ ፎር ዲውስ?

ጡረተኛው ዲኤ፦
ተው! በገረጣ ስንዴ ላይ ሌላ መርዝ አይደረብም። አንጓ ካወጣ በኋላ ከሆነማ ዛላውን ያጣምመዋል፣ ፍሬ አልባም ያደርገዋል። የጎረቤታችሁ ባቄላ ወይም ምስር ቅርብ ከሆነ ደግሞ ነፋስ ያደርሰውና ሽማግሌ ፊት ትቀርባላችሁ። የተረፈ መጭ ካለ በእጅ ንቀሉት።